መሃል ገደል የቆመችው የሰማይ በቅሎ

ኑ፣ ጠጋ በሉ። ይህ ተረት መሃል ላይ ሲቋረጥ አይወድምና አስቀድሜ አስሬያችኋለሁ፤ በአፌ እስክፈታችሁ ድረስ ማንም ከመቀመጫው እንዳይነሳ።

መኪና ገና ወደዚያ አገር ባልደረሰበት ዘመን፣ የአዝዋሪ ወንዝ ክረምት በሞላ ቁጥር አገሩን ለሁለት ይከፍለው ነበር። ገበያው፣ ሐኪም ቤቱና ፖስታ ቤቱ ወዲያ ማዶ፤ አትጠገብና ጎረቤቶቿ ወዲህ ማዶ። ክረምት ከገባ ሰው አይሻገርም፤ ደብዳቤም እስከ መስከረም ተቀምጦ ይሻግታል። ታዲያ አንድ ዓመት ከከተማ አንድ መካኒክ መጣና በገደሉ ላይ ከአፋፍ እስከ አፋፍ ሽቦ ወጠረ። በሽቦው ላይ በትንንሽ መንኮራኩር የምትሄድ የቆርቆሮ ሳጥን አንጠለጠለ። ሳጥኗን በተገመደ ጠፍር አሰረ፤ ጠፍሩንም እጀታ ባለው ትልቅ መዘውር ላይ ጠመጠመው። መዘውሩ ሲዞር ጠፍሩ ይጎተታል፤ ሳጥኗም ፖስታዋን ይዛ በአየር ትመጣለች። መካኒኩ ለዚህ ሥራው ረጅም የመንግሥት ስም አውጥቶለት ነበር። ያገሬው ሰው ስሙ ምላሱን ቢያስቸግረው "የሰማይ በቅሎ" ብሎ ተገላገለ። መካኒኩ ሲሄድ አንድ ነገር ብቻ አደራ አለ፦ "ጠፍሩን ሞራ መቀባት እንዳትረሱ።"

አትጠገብ የምትፈልገው ትንሽ ነገር ነበር፤ በወረቀት የተጠቀለለች፣ በጭብጥ ውስጥ የምትጠፋ ኪኒን። ልጇ እናኑ በወባ ወድቃ ሰውነቷ እንደ ምድጃ ድንጋይ ይፋጃል። ታላቅየዋን ባለፈው ክረምት ያው ወባ ወስዶባታል። ያኔም ኪኒን ወዲያ ማዶ ነበር፤ ያኔም ወንዙ ሞልቶ ነበር፤ የሰማይ በቅሎ ግን አልተሠራችም ነበር። ዘንድሮ ተሠርታለች። የሐኪም ቤቱ ሰው ኪኒኑን በሳጥኗ እልካለሁ ብሎ ቃል ልኮላታል፤ አትጠገብም በዚያ ቃል ላይ ተንጠልጥላ ነው የከረመችው።

ኪኒኑ የሚመጣበት ዕለት ጠዋት ግን መጀመሪያ የተጣላችው ከወባው ጋር አልነበረም። በእሷና በጎረቤቷ በልንገረው ድንበር ላይ እንደቆመ የደረቀ አንድ ትልቅ ዋንዛ ነበር፤ ሌሊት ነፋስ ጣለው። ልንገረው በማለዳ መጥረቢያውን ይዞ ሲመጣ አትጠገብ ከቤቷ ብቅ ብላ፣ "በሕግ አምላክ! ይሄ ግንድ ለኔ በር የሚሆን ነው፤ እንዳትነካው!" ብላ መንደሩ እስኪሰማ ጮኸችበት። ልንገረው መጥረቢያውን መሬት አስቀመጠ። ሊመልስላት አፉን ሲከፍት ከወዲያ ማዶ ጥሩምባ ተነፋ። የሰማይ በቅሎ ተነስታለች ማለት ነው። አትጠገብ ልንገረውንም ግንዱንም እዚያው ትታ ወደ ገደሉ ሮጠች።

የመዘውሩ ጠባቂ አያ ቢያድግልኝ ነው። ስትደርስ መዘውሩን በድንጋይ አስደግፎ፣ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ሳጥኗ መሃል ገደል ላይ ተንጠልጥላ ነፋስ ወዲያና ወዲህ ያወዛውዛታል። ከሥሯ ወንዙ ያጓራል።

"አያ ቢያድግልኝ፣ ምን ሆነህ ነው የቆምከው? አዙረው እንጂ!"

"አላዞርም" አለ ቢያድግልኝ። "ጠፍሩ ተሰነጣጥቋል። አንዱ ጉንጉን ሲበጠስ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አሁን ብጎትተው ሳጥኗ ከነኪኒንሽ ወንዝ ትገባለች።"

"ሞራ አትቀባውም ነበር እንዴ?"

ቢያድግልኝ መሬት መሬት አየ። "ጾም ነበራ! ፍልሰታን ሙሉ ሞራ በእጄ አልነካም ብዬ ተውኩት።"

እሱ ሲጾም ጠፍሩም ሳይጠየቅ አብሮት ጾመ። ዝናቡ ያበሰብሰዋል፣ ፀሐይ መልሶ ያደርቀዋል፤ የጾመ ጠፍር ደግሞ እንደ ሰው የጾም ፍቺ ሲደርስ አያገግምም።

"ሞራ አምጪልኝ" አለ። "አሽቼ ላለስልሰው፤ ያኔ አዞራለሁ። ግን ፍጠኚ።" በእጁ ወደ ደጋው አመለከታት። ደጋው ላይ ሰማዩ ጠቁሯል። እዚያ የዘነበው ዝናብ እዚህ የሚደርሰው ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ነው፤ ሳጥኗ ደግሞ ሽቦው በረገበበት፣ ዝቅ ብላ ነው የቆመችው።

አትጠገብ ዞራ ሮጠች። እየሮጠች በአፏ ትላለች፦ ሞራው ካልመጣ ጠፍሩ አይለሰልስ። ጠፍሩ ካልለሰለሰ መዘውሩ አይዞር። መዘውሩ ካልዞረ ሳጥኗ አትመጣ። ሳጥኗ ካልመጣች ኪኒኑ የለ። ኪኒኑ ከሌለ እናኑ... እዚህ ላይ ምላሷ ይያዛል። የቀረውን መናገር ፈራች።

ሞራ ያለው ሽቱ ቤት ነው። ሽቱ ለጾም ፍቺ ፍየል አርዳ ሞራውን ከምሰሶው ላይ ሰቅላዋለች። የአትጠገብ የልብ ወዳጅ ስለሆነች እንኳን ሞራ ነፍሷን ብትጠይቃት አትነፍጋትም። አትጠገብ ስትደርስ ግን ሽቱ ከረጅሙ የእሾህ አጥሯ ውስጥ፣ ከበሩ ጥቂት ራቅ ብላ፣ አንድ እግሯን ወደፊት እንዳደረገች ደርቃ ቆማለች። ከበሩ መቃን ላይ የንብ መንጋ ተንዠርግጎ ይጮኻል። ከውጭ በኩል ንብ አርቢው አያ ጎላ ባዶ ቀፎ ታቅፎ ቆሟል።

"ሽቱ፣ ድረሽልኝ! ሞራውን በአጥር ወርውሪልኝ!"

"ምን ላድርግሽ እቴ" አለች ሽቱ፣ ከንፈሯን እንኳ ብዙ ሳታንቀሳቅስ። "ጎላ አስሮኛል። 'በሕግ አምላክ ከቆምሽበት እንዳትንቀሳቀሺ' ብሎኛል።"

በዚያ አገር በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ያለበት ቦታ ይቆማል፤ የያዘውንም ያስቀምጣል። ያሰረው ሰው ራሱ መጥቶ፣ ፊት ለፊቱ ቆሞ በአፉ ካልፈታው አይነቃነቅም። ዳኛም ዘበኛም አያስፈልግም። ሕጉን የረገጠ ሰው ግን ከዚያ ወዲያ ምስክርነቱ አይሰማለትም፣ ቃሉ አይታመንለትም፤ ሽማግሌ ፊት ቢቀርብም የሚያዳምጠው የለም።

አትጠገብ ደሟ ፈላ። "አንተ ጎላ! ለንብ ብለህ ሰው ታስራለህ? አሁን ይሄ የሰው ሥራ ነው? አስሮ ዝም ብሎ መቆም!"

"ቀስ በይ፣ አትጩሂ፤ ይበሩብኛል!" አለ ጎላ በሹክሹክታ። "ቀፎዎቼ ሁሉ ዘንድሮ ባዶ ናቸው። ይህ መንጋ ካመለጠኝ እኔም ልጆቼም ምን እንበላለን? ጭስ ባገኝ ወደ ቀፎው ይገቡልኝ ነበር፤ ያኔ እፈታታለሁ። እሳት ግን ከየት ላምጣ? የሌሊቱ ዝናብ የሁሉንም ምድጃ አጥፍቶታል። እሳት የተረፈው እማማ ዘርፌ ቤት ብቻ ነው።"

"ሽቱ፣ እባክሽ ዝም ብለሽ ውጪ!"

"አንቺ ብትሆኚ ትወጫለሽ?" አለቻት ሽቱ።

አትጠገብ ዞር አለች። ከሩቅ ነጎድጓዱ ተሰማ፤ እግሯም ከሐሳቧ ቀድሞ ተነሳ። እየሮጠች ትላለች፦ እሳቱ ካልተገኘ ጭሱ የለ። ጭሱ ከሌለ ንቡ አይነሳ። ንቡ ካልተነሳ ሽቱ አትፈታ። ሽቱ ካልተፈታች ሞራው አይወጣ። ሞራው ካልወጣ ጠፍሩ አይለሰልስ። ጠፍሩ ካልለሰለሰ መዘውሩ አይዞር። መዘውሩ ካልዞረ ሳጥኗ አትመጣ። ሳጥኗ ካልመጣች ኪኒኑ የለ። ኪኒኑ ከሌለ እናኑ... አሁንም ምላሷ ተያዘ።

እማማ ዘርፌ የመንደሩ እሳት ባለአደራ ናቸው። ክብሪት ብርቅ በሆነበት አገር የሁሉም ምድጃ ሲጠፋ እሳት የሚጫረው ከእሳቸው ነው። አትጠገብ ገብታ ስታይ ግን እማማ ዘርፌ ምድጃው ላይ አቀርቅረው፣ በነጠላቸው ጫፍ የጣሪያውን ጠብታ እየከለሉ፣ አንዲት ፍም በአመድ ውስጥ እንደ ሕፃን አቅፈው ተቀምጠዋል።

"እማማ ዘርፌ፣ በእናትዎ! እሳት ይስጡኝ!"

"አልሰጥም ልጄ።"

"ልጄ ልትሞትብኝ ነው!" አለች አትጠገብ። በመንገድ ሁሉ ስትሸሸው የነበረው ቃል እዚህ አመለጣት። ከአፏ ሲወጣ በሩን ተደገፈች።

እማማ ዘርፌ ቀና ብለው አዩዋት። ጨክነው አልነበረም። "የቀረችኝ ይቺ ብቻ ናት። ይዘሻት በዚህ ዝናብ ስትወጪ መንገድ ላይ ትጠፋለች፤ ያኔ ላንቺም ለጎላም ለመንደሩም የሚሆን እሳት የለም። ደረቅ እንጨት አምጪልኝ። ላቀጣጥላትና ሙሉ ችቦ ልስጥሽ።"

"በዚህ ዝናብ ደረቅ እንጨት ከየት ይመጣል?"

"ልንገረው ጎህ ሲቀድ አልፎ፣ ነፋስ የጣለውን ደረቅ ዋንዛ ፈልጬ አመጣልዎታለሁ ብሎኝ ነበር። ላዩ ቢረጥብ እንኳ ልቡ ደረቅ ነው። እስካሁን ምን እንዳስቀረው እንጃ። ባለ ቃል ሰው ነበር።"

አትጠገብ ወጣች። የደጋው ዋናው ዝናብም አሁን ወደ ቆላው ይወርድ ጀምሯል። ከገደሉ በኩል የቢያድግልኝ ጩኸት ይሰማል፦ "አትጠገብ! ውሃው መጣ! አትጠገብ!" እሷም እየሮጠች፣ እያነከሰች፣ ትንፋሽ እያጠራት ትላለች፦ ግንዱ ካልተፈለጠ እንጨቱ የለ። እንጨቱ ከሌለ እሳቱ አይሰጥ። እሳቱ ካልተሰጠ ጭሱ የለ። ጭሱ ከሌለ ንቡ አይነሳ። ንቡ ካልተነሳ ሽቱ አትፈታ። ሽቱ ካልተፈታች ሞራው አይወጣ። ሞራው ካልወጣ ጠፍሩ አይለሰልስ። ጠፍሩ ካልለሰለሰ መዘውሩ አይዞር። መዘውሩ ካልዞረ ሳጥኗ አትመጣ። ሳጥኗ ካልመጣች... ከዚያ ወዲያ ያለውን ተወችው። መንገዱ ወደ ራሷ ደጅ ይወስዳት ነበር።

ልንገረው ድንበሩ ላይ ነበር። ጠዋት በተወችበት ቦታ፣ ግንዱ አጠገብ፣ ዝናብ አናቱን እየመታው ቁጢጥ ብሏል። መጥረቢያው ባስቀመጠው ቦታ እንዳለ ነው። ግንዱ አንዲት ፍልጥ አልጎደለችውም።

"ልንገረው! ለምን አልፈለጥከውም? እማማ ዘርፌ እኮ እየጠበቁህ ነው! እሳቱ ሊጠፋ ነው!"

"ታስሬ ነዋ።"

"አንተንም? ይሄን ክፉ ሥራ የሠራው ማን ነው? ማን ነው ያሰረህ?"

ልንገረው ቀና ብሎ አያት። አልተቆጣም፤ የገረመው ብቻ ይመስላል።

አትጠገብ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጎላን የሰደበችው ስድብ ሁሉ ተመልሶ ጆሮዋ ውስጥ ጮኸ። ልጇን ለማዳን መንደሩን ሁሉ ስታካልል ቆይታ፣ የሰማይ በቅሎን መሃል ገደል ላይ ያቆመቻት እሷው ናት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች።

"ረሳሁህ" አለች። "ልንገረው፣ ወንድሜ፣ ረሳሁህ እኮ!"

"ለውሃ ብቻ ነው የተነሳሁት" አለ ልንገረው። ከዚያ አገጩን ወደ ቤቷ አነሳ። "እሱም ለኔ አይደለም። እናኑ ከውስጥ ውሃ ብላ ስትጣራ ሰማሁ። አስቤ አስቤ፣ አትጠገብ ያሰረችኝ ከግንዱ ነው፤ ለልጇ ውሃ አትስጥ አላለችኝም ብዬ ገባሁ። አጠጥቼ፣ ጋቢዬን አልብሼያት ነው የተመለስኩት።"

አትጠገብ አለቀሰች። ዝናቡ እንባዋን ከፊቷ እያጠበው፣ ጠዋት ስታስረው እንደጮኸችው አድርጋ፣ መንደሩ ሁሉ እንዲሰማ ጮኸች፦ "ልንገረውን ፈትቼዋለሁ! ሰው ሁሉ ይስማ! በአፌ አስሬዋለሁ፣ በአፌ ፈትቼዋለሁ! ግንዱንም ሰጥቼዋለሁ!"

ቃሏ ከአፏ ወጥቶ ሳያልቅ ልንገረው መጥረቢያውን አንስቶ ነበር።

እንግዲህ ያዙኝ፣ ተከተሉኝ፤ ከዚህ ወዲያ ትንፋሽ የለም። አትጠገብ ሕጉን አነሳች፣ ልንገረው ግንዱን ፈለጠ። ልንገረው ግንዱን ፈለጠ፣ እማማ ዘርፌ እሳቱን አቀጣጠሉ። እማማ ዘርፌ እሳቱን አቀጣጠሉ፣ ልንገረው ችቦውን በቁና ከልሎ እየሮጠ ለጎላ አደረሰ። ጎላ ጭሱን ነፋ፣ ንቡ እየተንጫጫ ከመቃኑ ወደ ቀፎው ገባ። ንቡ ገባ፣ ጎላ "ፈትቼሻለሁ!" አለ። ሽቱ ተፈታች፣ የደነዘዘ እግሯን እየጎተተች ሞራውን ከምሰሶው መነጨቀች። ሽቱ ሞራውን ሰጠች፣ አትጠገብ በጉያዋ ይዛ ወደ ገደሉ በረረች፣ ጎላም ተከተላት።

ቢያድግልኝ ሞራውን ተቀብሎ ሳይተነፍስ ጠፍሩን ያሽ ጀመር። አትጠገብ በአንድ በኩል፣ ጎላ በሌላ በኩል፤ እጃቸው እስኪላጥ አሹት። ከላይ ጎርፉ ይሰማል፤ መሬቱ ከእግራቸው ሥር ይንቀጠቀጣል። ቢያድግልኝ ድንጋዩን አነሳና እጀታውን ያዘ። "ቀስ ብዬ ነው የማዞረው" አለ። "ከቸኮልኩ ይበጠሳል። እንዳትነኩኝ፣ እንዳታናግሩኝ።"

መዘውሩ ሲጥጥ አለና ዞረ። ሳጥኗ ከመሃል ገደል ተነቃነቀች። አንድ ጉንጉን ጧ ብሎ ተበጠሰ፤ የቀሩት ያዙ። አትጠገብ ዓይኗን ከሳጥኗ አልነቀለችም። የዚያን ቀን እንኳን "በሕግ አምላክ" ማለት፣ ቃል መናገር ሁሉ አስፈርቷታል። ጎርፉ ከመታጠፊያው ብቅ ሲል ግንዶች እርስ በርስ እየተላተሙ ከፊቱ ይመጡ ነበር። ማዕበሉ ሽቦው ወደ ረገበበት ደረሰ፣ ሳጥኗ ቆማ የነበረችበትን አየር ጠራርጎ አለፈ፣ የሳጥኗንም ቂጥ በጭቃ ረጨው። ሳጥኗ ግን ከዚያ ሸሽታ ነበር። ቢያድግልኝ እያለቀሰ ይሁን እያላበው ባይታወቅም ፊቱ ርሶ፣ መዘውሩን አዙሮ አዙሮ አፋፉ ላይ አደረሳት።

መዘውሩ ዞረ፣ ሳጥኗ መጣች። ሳጥኗ መጣች፣ ኪኒኑ ተገኘ። ኪኒኑ ተገኘ፣ እናኑ ዋጠች። ዋጠችና "ኧረ ይመራል!" ብላ ፊቷን አጨማዳ እናቷን በጥፊ ልትላት ቃጣት። አትጠገብ በዕድሜዋ እንደዚያ የጣፈጣት ቁጣ ሰምታ አታውቅም። ትኩሳቱ ለቀቃት፣ ላብ አጠመቃት፣ በማግስቱም ምግብ ጠየቀች። አትጠገብም መንገድ ሙሉ ስትጀምረው የያዛትን ቃል ያን ጊዜ ጨረሰችው፦ እናኑ ዳነች።

ልንገረው ከዋንዛው ልብ አንድ ጥሩ ሳንቃ አውጥቶ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ በአትጠገብ ቤት በር አድርጎ ገጠመው። ቢያድግልኝም ከዚያ ወዲያ ፍልሰታ ሲገባ አስቀድሞ ጠፍሩን ሞራ ያጠግበዋል፤ እኔ ልጹም እንጂ እሱን ማን ጹም አለው ይላል። በዚያ መንደር ደግሞ እስከ ዛሬ ሰው ተቆጥቶ "በሕግ አምላክ" ሊል ሲል መጀመሪያ ወደ ገደሉ ያያል። የሰማይ በቅሎ መንገድ ላይ ከሆነች ቃሉን ይውጠዋል። ሳያይ ካሰረም የትም ከመሄዱ በፊት ይፈታል።

እኔም አትጠገብን አይቼ ተምሬያለሁና፣ ረስቻችሁ እንዳልሄድ ይኸው በአፌ ፈትቼያችኋለሁ። ተነሱ፤ ምናልባት የሚጠብቃችሁ ሰው ይኖራል።